ሥዕልም ሰምና ወርቅ አለው

ቅኔ ሰምና ወርቅ እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን። ሥዕልም እንዲሁ ነው። ዛሬ ከ200 ዓመት በፊት በእንግሊዝ አገር የተሣለ አንድ የፌዝ ሥዕል እንመለከታለን። ዓመቶቹን የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የተፌዘበት ሰው ቶማስ ፔን ይባላል። በ1737 ቴትፎርድ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የሴቶች ወገብ ማጥበቂያ ልብስ ይሰፋ ነበር። ልጁም ይህንኑ ሙያ ተማረ፤ ኋላ ግን ብዕር አነሣ። በ1791 እና በ1792 «የሰው መብት» የሚል መጽሐፍ በሁለት ክፍል አወጣ። ሥልጣን እንደ ርስት ከአባት ለልጅ መተላለፍ የለበትም አለ። ድሆች ሽማግሌዎችም ከግብሩ ገንዘብ ይጦሩ አለ። ዕድሜው 50 ለሞላ በዓመት 6 ፓውንድ፣ 60 ለሞላ 10 ፓውንድ ይሰጥ ብሎ አስልቶ ጻፈ።

ፈረንሳይ ውስጥ ሕዝቡ በ1789 ተነሥቶ ነበር። የእንግሊዝ ገዢዎች ያ እሳት እንዳይዛመት ሰጉ። ስለዚህ ፔንን ከሰሱት። እሱ ወደ ፈረንሳይ ሄደ፤ በ1792 በሌለበት ጥፋተኛ ነህ ተባለ።

በ1793 መጀመሪያ ጄምስ ጊልሬይ የተባለ ሠዓሊ ይህን ሥዕል አወጣ። አንዲት ሴት የዛፍ ግንድ አቅፋ ቆማለች። እሷ አገሪቱ ናት። ፔን ቀይ የአብዮተኞች ቆብ ደፍቶ ከኋላዋ ቆሟል። በአንድ እግሩ ዳሌዋን ገፍቶ የልብሷን ማሰሪያ ይስባል። ከኪሱ የልብስ ሰፊ መለኪያ ተንጠልጥሏል፤ በላዩም «የሰው መብት» ተብሎ ተጽፎበታል።

ሰሙ፣ ልብስ ሰፊ ደንበኛውን አስጨነቃት ነው። ወርቁስ? ይህ ሰው በፈረንሳይ ሐሳብ ጤነኛ አገር ሊያሳምም ነው የሚል ነው።

እንዲህ ያለው ሥዕል የሚባዛው እንዴት ነው? የመዳብ ሰሌዳ ሰም ይቀባና በመርፌ ይጫራል። አሲድ ሲፈስበት የተጫረውን ብቻ ይበላል። የተበላው ቦታ ቀለም ይሞላል፤ እርጥብ ወረቀት ተደርጎበት በመጭመቂያ ይታተማል። በዚያ ዘመን ከታተመ በኋላ ሱቅ መስኮት ላይ ይሰቀል ነበር። ፊደል ያልቆጠረውም አላፊ አግዳሚ ቆሞ ያይ፣ ይስቅ ነበር።

ፌዙ ግን ብቻውን አልነበረም። በ1792 መጨረሻና በ1793 መጀመሪያ በብዙ የእንግሊዝ ከተሞችና መንደሮች የፔን ምስል እየተሠራ ተቃጠለ።

ጊልሬይ ብልህ ሠዓሊ ነበር፤ በንጉሡም ሳይቀር ያላግጥ ነበር። ከ1797 ጀምሮ ግን ከመንግሥት በኩል አበል ተቆረጠለት። እዚህ ላይ ልብ እንበል። ሥዕሉ የፔንን ሙያ ያፌዝበታል እንጂ ለሐሳቡ መልስ አይሰጥም። ስለ ሽማግሌዎቹ ጡረታ አንድም ነገር አያሳይም። ያንን ማወቅ የሚችለው መጽሐፉን ያነበበ፣ ወይም ሲነበብ የሰማ ሰው ነበር። እኛም የፌዝ ሥዕል ስናይ እንሳቅ፤ ከሳቅን በኋላ ግን ሰውየው ራሱ ምን እንዳለ ፈልገን እናንብብ።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. በሥዕሉ ላይ ሴትዮዋ የማን ምሳሌ ናት?
2. ፔን ለድሆች ሽማግሌዎች ምን እንዲደረግ ጠየቀ?
3. ሠዓሊው የፔንን ሙያ ለምን አነሣ? ልብስ መስፋት ነውር ነው?
4. ሰው የተሳቀበት ሐሳብ ሁሉ ስሕተት ነው? ተወያዩበት።