ዘቢቡ ለማን፣ ምን ያህል?

ዳዊትና ሰዎቹ አማሌቃውያንን ሲያሳድዱ ሜዳ ላይ የወደቀ አንድ ግብፃዊ አገኙ። ታመመ ብሎ ጌታው ጥሎት የሄደ፣ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት እህል ውኃ ያልቀመሰ አገልጋይ ነበር። እንጀራና ውኃ ሰጡት፤ ቁራሽ የበለስ ጥፍጥፍና ሁለት ዘለላ ዘቢብም ጨመሩለት፤ በልቶም ነፍሱ ተመለሰችለት (1ኛ ሳሙ. 30፥11-13)።

ለጤናቸው የሚጠነቀቁ ምእመናን ዘቢብ፣ ተምርና የደረቀ በለስ እንብላ ወይስ እንተው ብለው ይጠይቃሉ፤ ጥያቄው በጾም ወራት ይበዛል። መልሱን ለማግኘት ያ ግብፃዊ ለምን እንደበረታ መረዳት ይጠቅማል። ወይን ሲደርቅ የሚለየው ውኃው ነው፤ ስኳሩ እዚያው ይቀራል። አንድ ኪሎ ዘቢብ ለማግኘት አራት ኪሎ ያህል እሸት ወይን ያስፈልጋል። ስለዚህ 100 ግራም እሸት ወይን 70 ካሎሪ ገደማ ሲሰጥ፣ 100 ግራም ዘቢብ ወደ 300 ይደርሳል። ለተራበና ለደከመ ሰው ይህ ፈጥኖ የሚደርስ ኃይል ነው። ቁርሱንም ምሳውንም በልቶ ወንበር ላይ ለሚውል ሰው ግን ያው እፍኝ ትርፍ ሸክም ይሆንበታል።

እንግዲህ አስቀድመን ፍሬው ራሱ ንጹሕ መሆኑን አጥብቀን እንያዝ። ጥሉላት የለበትምና የጾም ምግብ ነው። ከዚያም በላይ በቤተ ክርስቲያናችን ለቅዱስ ቁርባን የሚቀርበው ወይን የሚዘጋጀው ከዘቢብ ነው፤ በቤተ ልሔም ዘቢቡ ታጥቦ በውኃ ይዘፈዘፋል፤ የተጨማደደው ፍሬ ውኃውን ጠጥቶ ሲያብጥ ታሽቶ ይጠለላል። ናዝራዊ ከወይን እሸቱንም ደረቁንም እንዳይበላ የታዘዘው (ዘኁ. 6፥3) ስለ ስእለቱ ነው እንጂ ፍሬው ረክሶ አይደለም።

ነገር ግን የተፈቀደ ሁሉ ያለ ልክ ይበላል ማለት አይደለም። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጽ ስለ ጾም ሲያስተምር፣ ዓላማው የሥጋ ፍትወት ደክሞ ለነፍስ እንዲታዘዝ መሆኑን ያስረዳል። ዳንኤልም ሦስት ሳምንት ሲያዝን ሥጋና ወይን ጠጅ ብቻ ሳይሆን የሚጣፍጥ ምግብም ትቶ ነበር (ዳን. 10፥3)። ሥጋና ቅቤ ትቶ ከጠዋት እስከ ማታ ተምር እያነሣ የሚጎርስ ሰው ሕጉን አልጣሰም፤ ምኞቱን ግን አላስራበም። እኔ ይህን ከሰውነቱ ጉዳት ይልቅ አብልጬ እፈራለታለሁ።

ጤናውም ቢሆን ከልኩ አይለይም። የደረቀ ፍሬ ፋይበርና ፖታሲየም፣ መጠነኛ ብረትም አለው፤ ቫይታሚን ሲው ግን ሲደርቅ አብዛኛው ይጠፋል። የእንግሊዝ የጤና ባለሥልጣናት አንድ ጊዜ የሚበላውን መጠን 30 ግራም ያደርጉታል፤ ይህም ከዘቢብ ተቆልሎ የሞላ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ነው። ጥርስ ላይ ስለሚጣበቅም በየመካከሉ ከሚቃመስ ይልቅ ከማዕድ ጋር እንዲበላ ይመክራሉ። ከገብስ ቆሎና ከለውዝ ጋር ቢቀላቀል ደግሞ ማኘክን ይጠይቃልና እጅ ቶሎ ቶሎ አይመላለስም።

ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ አትርሱ። አናናስና ፓፓያ ብዙ ጊዜ ስኳር ውስጥ ተነክረው ነው የሚደርቁት፤ ያንን ከከረሜላ ለይቼ አላየውም። ደማቅ ብርቱካንማ ሆኖ የሚሸጠው የደረቀ አፕሪኮት ቀለሙን የጠበቀው በሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነው፤ ይህ ደግሞ አስም ላለበት ሰው ሕመሙን ሊቀሰቅስበት ይችላል። ያልተጨመረበት ጠቆር ይላል።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በልክ ሊበላ ይችላል፤ ከእንጀራው ጋር ደምሮ ግን ይቁጠረው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው በፖታሲየሙ ምክንያት ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር። ኢንሱሊን የሚወስድ ምእመን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለመጾም ሲያስብ፣ ስለ መድኃኒቱ ለሐኪሙ፣ ስለ ጾሙ ለንስሐ አባቱ አስቀድሞ ይንገር። ስኳሩ ወርዶ እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ላብ ላብ ሲለው፣ ጾሜ ይፈርሳል ብሎ አይታገሥ፤ የሚጣፍጥ ነገር ወዲያው ይውሰድ። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱና ስለሚደጋገምበት ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ ጽፎለታል (1ኛ ጢሞ. 5፥23)፤ የታመመ ደቀ መዝሙሩን ውኃ ብቻ እየጠጣህ ቻለው አላለውም።