ምዕራፍ 7፦ መላጊያ ከሱቅ ሲመጣ ገና አላለቀም

ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ዓይን የሚሞላው እንጨት ባህር ዛፍና ዲከረንስ ነው። ዲከረንሱ በአብዛኛው ለከሰል ይሄዳል። የእንጅባራ ቀርከሃ ለወንበርና ለአጥር ይውላል። ለበርና ለቁም ሣጥን የሚመረጠው ዋንዛ ደግሞ እንደ ድሮው አይገኝም። ስለዚህ የአዊ አናጢ ስለት ከባድ ፈተና አለበት። ባህር ዛፍ ለደነዘ ምላጭ አይበገርም፤ ቀርከሃ በውስጡ ባለው ሲሊካ ስለት ቶሎ ይበላል፤ ውድ የዋንዛ ጣውላ በደነዘ ምላጭ መቦጨቅ ደግሞ ገንዘብ መጣል ነው።

ብዙ ጀማሪዎች መላጊያቸው እንቢ ሲላቸው ሌላ ይገዛሉ። ርካሹ መላጊያ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው ፋብሪካው ሳይሠራው የላከው የመጨረሻ ሥራ ነው። ያን ሥራ እርስዎ መጨረስ ይችላሉ።

ከጀርባው ይጀምሩ

ስለት ሁለት ልሙጥ ገጾች የሚገናኙበት መስመር ነው፦ ተዳፋት ሆኖ የሚሞረደው ፊትና ጠፍጣፋው ጀርባ። ብዙ ሰው ፊቱን ብቻ ይስላል። ጀርባው ላይ የፋብሪካ ጭረት ካለ ግን ጭረቱ እስከ ጫፍ ይደርስና ስለቱን እንደ መጋዝ ጥርስ ያደርገዋል፤ ፊቱን የቱንም ያህል ቢስሉት አይድንም።

ወፍራም የመስታወት ቁራጭ ያዘጋጁ። በላዩ የመኪና ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን በውሃ የሚሠራ ብርጭቆ ወረቀት ያንጥፉ። በ240 ቁጥር ጀምረው ወደ 400፣ ከዚያም ወደ 1000 ይለፉ። ከስለቱ አጠገብ ያለው የአንድ ጣት ስፋት ፊትዎን እስኪያሳይ ድረስ ጀርባውን አስተኝተው ይሹት። ይህ ሥራ ለአንድ ምላጭ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ነው።

ማዕዘኑን ያለ መለኪያ ማወቅ

የመላጊያ ምላጭ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይሳላል። ለዚህ በእጅዎ ያለ ማስመሪያ ይበቃል። የተዳፋቱ ርዝመት የምላጩ ውፍረት እጥፍ ከሆነ ማዕዘኑ 30 ዲግሪ ነው፤ 2 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ምላጭ 4 ሚሊ ሜትር ተዳፋት ይኖረዋል። ለ25 ዲግሪ ደግሞ 4.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። በመዶሻ የሚመታ መሮ 30 ይሻለዋል፤ በእጅ እየተገፋ ለሚልግ መሮ 25 ይበቃል።

ፊቱን ሲስሉ ማዕዘኑን ሳይለቁ በጀርባው በኩል ቀጭን የብረት ጠርዝ እስኪወጣ ይሹ። ጣትዎን ከጀርባው ወደ ስለቱ ውጭ ቢያሳልፉ ሲይዝዎት ይሰማዎታል። ጠርዙ በሙሉ ስፋቱ ካልወጣ ገና ነው። ከወጣ በኋላ በ1000 ወረቀት ጀርባውንና ፊቱን እያፈራረቁ ያንሱት፤ በመጨረሻም በጠንካራ ቆዳ ላይ ወደ ኋላ እየሳቡ ያብሱት።

ግራይንደር ከተጠቀሙ በየጥቂት ሰከንዱ ውሃ ውስጥ ይንከሩ። ጫፉ ሰማያዊ ከሆነ ብረቱ ጥንካሬውን አጥቷል፤ ያ ክፍል ተሞርዶ እስኪያልቅ ድረስ ስለት አይይዝም።

ማረጋገጫው ብርሃን ነው። ስለቱን ወደ መስኮት አዙረው በቀጥታ ይመልከቱት። የደነዘ ስለት ነጭ መስመር ሆኖ ያብረቀርቃል፤ የተሳለ ስለት አይታይም።

ለባህር ዛፍ ማስተካከል

የባህር ዛፍ ጅማት እየተጠላለፈ ስለሚወጣ በየትኛውም አቅጣጫ ቢላግ አንዱ ቦታ ይነቀላል። መድኃኒቱ በምላጩ ላይ የሚታሰረው ሁለተኛው ብረት ነው። ይህ ብረት ፍቅፋቂውን ወደ ላይ አጥፎ ይሰብረዋል፤ ፍቅፋቂው ከፊቱ ያለውን ጅማት ይዞ ለመነሳት ጊዜ አያገኝም። ለተራ ሥራ ከስለቱ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይራቅ፤ ለባህር ዛፍ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ያስጠጉት። በሁለቱ ብረቶች መካከል ብርሃን የሚያልፍ ከሆነ ፍቅፋቂ ይገባና ይዘጋል፤ መገናኛውን በመስታወቱ ላይ ይሹት።

ዛሬ በየሱቁ ያለው ባለ ብሎን የብረት መላጊያ አሜሪካዊው ሊዮናርድ ቤይሊ የነደፈው ዓይነት ነው፤ ስታንሊ ኩባንያ መብቱን የገዛው በ1869 እ.ኤ.አ. ነበር። አንዱን ማስተካከል የለመደ ሰው በሌላውም አይቸገርም።

የመላጊያውን ታችኛ ገጽ ሲያስተካክሉ ምላጩን ወደ ውስጥ ይሳቡት እንጂ አያውጡት፤ ማሰሪያው ሲላላ ብረቱ ቅርጹን ይለውጣል። በገጹ ላይ በእርሳስ መስመሮች ያስምሩና በመስታወቱ ወረቀት ላይ ይግፉት። የፊቱ ጫፍ፣ ከአፉ ፊት ያለው ቦታና የኋላው ጫፍ መስመራቸው ከጠፋ በቂ ነው። በመጨረሻም ጧፍ ይቀቡት፤ ሰሙ ግፊቱን በግልጽ ያቀልልዎታል።

ክረምትና ዝገት

የእንጅባራ ክረምት ረጅምና እርጥብ ነው። የሳሉትን ስለት ዝገት በአንድ ሌሊት ሊያደነዝዘው ይችላል። የኑግ ዘይት አይቀቡ፤ ሲቆይ ደርቆ ይጣበቃል። የስፌት መኪና ዘይት ይሻላል። መላጊያውን በሰጋቱራ ውስጥ ቀብረው አይተዉት፤ ሰጋቱራ እርጥበት ይይዛል።

የዚህ ሳምንት ሥራ

ከመሣሪያዎችዎ አንዱን ብቻ ይምረጡ፤ ጀርባውን ጨርሰው ያለስልሱ። ከዚያ የዋንዛ ቁራጭን ጫፍ በአግድመቱ ይላጉ። የተላገው ገጽ ካብረቀረቀ ስለቱ ደርሷል፤ ነጭና ሻካራ ከሆነ ወደ 1000 ወረቀት ይመለሱ። ከዚያ በኋላ ስለቱ ሙሉ በሙሉ እስኪደነዝዝ አይጠብቁ፤ ግፊቱ ትንሽ ሲከብድዎ ወዲያው ቆዳው ላይ ያብሱት። ቶሎ ቶሎ በጥቂቱ የሚሳል ምላጭ ብረቱም ጊዜዎም ይቆጠባል፤ ከጣውላዎም የሚባክነው ያንሳል።