ምርመራው ሁሉ «ነፃ ነው» እየተባለ ሰውነት የሚያመው ለምንድነው? (ፋይብሮማያልጂያ)

ዛሬ በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን ሕመም እናያለን።

ከቢታ ገነትና ከአካባቢው ከሚመጡ እናቶች የምሰማው ነገር ይመሳሰላል። አንገት፣ ትከሻ፣ ወገብ፣ ጉልበት፣ ያላመመ ቦታ የለም። ተኝተው አድረው ጠዋት ሲነሱ ሌሊቱን እንሰት ሲፍቁ ያደሩ ያህል ይደክማቸዋል። በፌስታል ጠቅልለው የሚያመጡት ወረቀት አንዴ ታይፎይድ፣ አንዴ ታይፈስ፣ አንዴ ሪህ፣ አንዴ ነርቭ ይላል። በመጨረሻ «ምንም የለብሽም» ይባላሉ፤ ቤት ሲገቡ ደግሞ «ሰነፈች» የሚል ይጠብቃቸዋል። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው።

ሕመሙ በግራም በቀኝም፣ ከወገብ በላይም በታችም ሆኖ ከሦስት ወር በላይ ከቆየ፣ ድካም፣ የማያረካ እንቅልፍና መርሳት ካለበት ፋይብሮማያልጂያን እናስባለን። እዚህ ላይ የተለወጠው አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሕመም መልእክት የሚቀበሉበት መንገድ ነው። ድምፁ እስከ መጨረሻ የተከፈተ ሬዲዮ አስቡ። ቀላል ንክኪ እንኳ ያማል፤ ራጅና የደም ምርመራ ግን ይህን አያሳዩም። ሕመሙ የምር ነው።

ምርመራ ይቅር ማለቴ አይደለም። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ ደም ማነስ፣ የመገጣጠሚያ ብግነት ተመሳሳይ ስሜት ያመጣሉ። ጥሬ ወተት ለሚጠጣ ሰው ብሩሴሎሲስንም አስባለሁ። ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ ያበጠ መገጣጠሚያ ወይም የእጅና እግር መዛል ካለ ግን ሳትቆዩ ወደ ሆስፒታል ሂዱ፤ ቦንጋ ላይ ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል አለ።

ባመማችሁ ቁጥር የምትወጉት ዳይክሎፌናክ ለዚህ ሕመም እምብዛም አይረዳም፤ ጨጓራና ኩላሊት ግን ይጎዳል። ፕሬድኒሶሎንም እንደዚሁ አይጠቅምም። ሐኪም ማታ ማታ የሚወሰድ ትንሽ መጠን አሚትሪፕቲሊን ቢያዝላችሁ «የአእምሮ መድኃኒት ሰጠኝ» ብላችሁ አትደንግጡ፤ እንቅልፍንና ሕመሙን ለማርገብ ነው። የልብ ሕመም ወይም ግላኮማ ያለባችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት።

የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ኅብረት በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር ከሁሉም ጠንካራውን ድጋፍ ያገኘው እንቅስቃሴ ነው። «ዶክተር፣ ቀኑን ሙሉ ውሃና እንጨት ስሸከም እየዋልኩ ምን እንቅስቃሴ?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ሸክም አይቆጠርም። እኔ የምለው ባዶ እጅ፣ በዝግታ፣ 10 ደቂቃ መራመድ ነው፤ ከሳምንት ሳምንት ጥቂት ጥቂት ጨምሩበት። ቀለል ባላችሁ ቀን ደግሞ የሳምንቱን ቡና ለቀማ ባንዴ ልጨርስ አትበሉ፤ ሦስት ቀን ያስተኛችኋል።

በካፋ ምድር ቡና ተዉ ለማለት አልደፍርም። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ያለውን ብቻ ተዉልኝ፤ እንቅልፍ ካልተስተካከለ ሕመሙ አይረግብም።

ባልም ልጅም በቀጠሮ ቀን አብራችሁ ግቡ። ለሷ የምነግራትን እናንተም ብትሰሙት ቤት ውስጥ ውሃውን ማን እንደሚቀዳ እዚያው እንነጋገራለን።