መሬት ሲራብ ገበታም ይራባል



አንድ ሙስሊም ቤተሰብ ለቤቱ ምግብ ሲገዛ በቅድሚያ የሚጠይቀው «ሐላል ነው ወይ?» ብሎ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ቅዱስ ቁርኣን ግን ስለ ምግብ ሲናገር «ሐላል» ከሚለው ቃል ጎን «ጠይብ» የሚለውንም ያነሳል። ጠይብ ማለት መልካም፣ ንጹሕ፣ ለሰውነት የሚስማማ ማለት ነው። ሥጋው በቢስሚላህ ታርዶ፣ ጤፉ በሐላል ገንዘብ ተገዝቶ፣ ልጆቹም ጠግበው እያደሩ ሰውነታቸው ሊራብ ይችላልን? አዎን፣ ይችላል። ከምክንያቶቹ አንዱ እህሉ የበቀለበት አፈር መራቆቱ ነው። በዛሬው ትምህርታችን ይህ እንዴት እንደሚሆንና በቤታችን ምን ማድረግ እንደምንችል እንመለከታለን፤ ኢንሻአላህ።

ማዕድናት ከአፈር ወደ ደማችን

ተክል ስኳርን፣ ስታርችንና አብዛኞቹን ቫይታሚኖች ከአየር፣ ከውኃና ከፀሐይ ብርሃን ራሱ ይሠራል። ማዕድናትን ግን መሥራት አይችልም። ብረትን፣ ዚንክን፣ ካልሲየምን፣ ሰሊኒየምን ላምም ልትሠራቸው አትችልም፤ የሰው ልጅም አይችልም። አላህ (ሱ.ወ) በምድር ውስጥ ያኖራቸውን ሥር ከአፈር ይመጥጣቸዋል፣ ከዚያ በእህሉ፣ በወተቱና በሥጋው በኩል ወደ እኛ ይደርሳሉ። አፈሩ ያልያዘውን እህሉ ከየትም አያመጣውም።

የሚያስፈልገን መጠን ጥቂት ነው። በአንድ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ ያለው ዚንክ ከ2 እስከ 3 ግራም፣ ብረቱም 4 ግራም ገደማ ነው፤ አዮዲኑማ ቢሰበሰብ ከአንድ ቁንጥር ጨው ያነሰ ነው። ሥራቸው ግን ከባድ ነው። ብረት ደም ኦክስጅን እንዲሸከም ያደርጋል። ዚንክ ለልጆች እድገት፣ ለቁስል መዳንና በሽታን ለመከላከል ያስፈልጋል። አዮዲን የእንቅርት ዕጢ ለሚያመነጨው ሆርሞን መሠረት ነው፤ ይህ ሆርሞን በማሕፀን ያለውን ጽንስ አንጎል ያሳድጋል። ሰሊኒየም ደግሞ የሰውነትን ሕዋሳት ከጉዳት ይጠብቃል።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ስንዴ ወይም ጤፍ ለራሱ እድገት አዮዲንና ሰሊኒየም አያስፈልገውም። ስለዚህ እነዚህ በጎደሉበት መሬት ላይ ሰብሉ ለምልሞ፣ አውድማውም ሞልቶ ሊታይ ይችላል። ገበሬው በዓይኑ አይቶ፣ እናትም በእጇ ዳስሳ ጉድለቱን አታውቀውም። የሚታወቀው ዘግይቶ፣ በሰው ላይ ነው።

አፈር እንዴት ይራቆታል?

አንደኛው መንገድ መውሰድና አለመመለስ ነው። በየዓመቱ እህሉ ወደ ጎተራ፣ ገለባው ወደ ከብት፣ አገዳው ወደ ምድጃ ይሄዳል። ለማሳው የሚቀርለት ጥቂት ነው።

ሁለተኛው የጎርፍ መሸርሸር ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) እ.ኤ.አ በ1986 ያወጣው ጥናት ከኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች በዓመት 1.9 ቢሊዮን ቶን የሚያህል አፈር እንደሚታጠብ ገምቷል። በቅድሚያ የሚሄደው ደግሞ ለምነት የተከማቸበት የላይኛው ንጣፍ ነው።

ሦስተኛው ኩበት ማንደድ ነው። ለማሳ ፍግ መሆን የሚገባው ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑና ድኙ ከጭሱ ጋር ይበናል። ቀሪው ማዕድን በአመዱ ውስጥ ይቀራል፤ አመዱን ስንደፋው እርሱም አብሮ ይደፋል። ቤተሰቡ ሌላ ማገዶ ስለሌለው እንጂ በድፍረት የሚያደርገው አይደለም።

አራተኛው ማዕድኑ በአፈሩ ውስጥ እያለ መታሰሩ ነው። አፈር አሲዳማ ሲሆን ፎስፈረስ ይታሰራል፤ ኖራ ሲበዛበት ደግሞ ዚንክ ይታሰራል። በጎተራ ሞልቶ ቁልፉ የጠፋበት እህል ማለት ነው።

ሁለት ትምህርቶች፦ ሺራዝና ኮንያ

እ.ኤ.አ በ1958 በኢራን ሺራዝ ከተማ አናንዳ ፕራሳድ የተባለ ሕንዳዊ ሐኪም አንድ ሕመምተኛ ቀረበለት። ወጣቱ የ21 ዓመት ሲሆን ሲታይ ግን የ10 ዓመት ልጅ ይመስል ነበር። ጉርምስናም አልደረሰበትም። ምግቡ በአብዛኛው ያልቦካ የስንዴ ቂጣ ነበር፤ አፈርም የመብላት ልማድ ነበረው። ሐኪሙ በኋላ ወደ ግብፅ ተሻግሮ በገጠር ተመሳሳይ ወጣቶችን አጠና። መንስኤው የዚንክ እጥረት ሆኖ ተገኘ። ዚንክ የተሰጣቸው ወጣቶች በአንድ ዓመት ውስጥ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ አደጉ። ከዚያ በፊት የሕክምናው ዓለም የሰው ልጅ በዚንክ እጥረት ይጎዳል ብሎ አያስብም ነበር። በስንዴ ውስጥ ፋይቲክ አሲድ የሚባል ነገር አለ፤ ዚንክንና ብረትን አስሮ አንጀት እንዳይመጣቸው ያደርጋል። ሊጥ ሲቦካ ግን ይህ አሲድ ይፈራርሳል። ያ ወጣት የሚበላው ቂጣ አልቦካም ነበር።

ሁለተኛው ከቱርክ ነው። በኮንያና በመካከለኛው አናቶሊያ ያለው አፈር ኖራ የበዛበት በመሆኑ ዚንኩ ለሥር አይደርስም ነበር። እ.ኤ.አ በ1990ዎቹ የቱርክ ተመራማሪዎች ዚንክ ያለው ማዳበሪያ ለስንዴው ሲሰጡ ሁለት ነገር አገኙ፦ ምርቱ ጨመረ፣ በፍሬው ውስጥ ያለው ዚንክም ጨመረ። ለገበሬው ኪስና ለልጆቹ ሰውነት የሚበጀው አንድ ሆነ።

የሺራዙ ስለ ገበታ፣ የኮንያው ስለ ማሳ ያስተምረናል። ማሳው ቢስተካከል አዘገጃጀታችን ማዕድኑን ሊያስርብን ይችላል፤ አዘገጃጀታችን ቢስተካከልም ማሳው ባዶ ከሆነ የምናዘጋጀው የለንም።

በአገራችንስ?

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት የመጣው እንቅርት በደጋው ሰው ዘንድ እንግዳ ስላልነበረ ነው። ዝናብና ጎርፍ አዮዲኑን ያጠቡት መሬት ላይ የበቀለ እህል አዮዲን አይኖረውም። እ.ኤ.አ በ2000ዎቹ አጋማሽ በተደረገ ሰፊ ጥናት ከ10 የትምህርት ዕድሜ ሕፃናት 4ቱ ገደማ እንቅርት ተገኝቶባቸዋል። የአንገት እብጠቱ የሚታየው ጉዳት ነው። የማይታየው ይከፋል፦ በእርግዝና ጊዜ አዮዲን ያጣች እናት የምትወልደው ልጅ ትምህርት የሚከብደው ሊሆን ይችላል።

በ2011 (እ.ኤ.አ) ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። በ2016 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ከ10 ቤተሰቦች በ9ኙ ገደማ አዮዲን ያለው ጨው ተገኝቷል። አልሐምዱሊላህ፣ ትልቅ እርምጃ ነው። አዮዲን መኖሩ ብቻ ግን መጠኑ በቂ ነው ማለት አይደለም፤ በቤት ውስጥ በአያያዝ ጉድለትም ይጠፋል።

በእርሻውም በኩል ለብዙ ዓመታት ገበሬያችን የሚያውቀው ማዳበሪያ ዳፕና ዩሪያ ነበር፤ የሚሰጡትም ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ብቻ ነው። በ2012 (እ.ኤ.አ) የተጀመረው አገር አቀፍ የአፈር ምርመራ በብዙ ቦታዎች ድኝ፣ ቦሮንና ዚንክም እንደሚጎድሉ አሳየ። በ2021 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ የኢትዮጵያና የማላዊ እህሎች ጥናትም በእህል ውስጥ ያለው ሰሊኒየምና ዚንክ ከቦታ ቦታ በጣም እንደሚለያይ አረጋግጧል። የሚበላውን ከገዛ ማሳው ብቻ የሚያገኝ ቤተሰብ የመሬቱን ጉድለት ሙሉ በሙሉ ይወርሳል ማለት ነው።

ሁሉንም በአፈር ላይ አናላክክ

አንዳንድ ነጋዴዎች «አፈሩ ስለሞተ ምግብ ዋጋ የለውም» እያሉ ውድ እንክብሎችን ለምእመናን ይሸጣሉ። ይህ ማጋነን ነው። በ2004 (እ.ኤ.አ) በአሜሪካ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ43 አትክልትና ፍራፍሬ ዓይነቶችን የ1950 እና የ1999 መረጃ አነጻጽረው በካልሲየም፣ በብረትና በሌሎች አራት ንጥረ ነገሮች መቀነስን አይተዋል። በዋናነት ምክንያት ያደረጉት ግን ብዙ ምርት እንዲሰጡ የተመረጡትን አዳዲስ ዝርያዎች ነው። ፍሬው ሲገዝፍ በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ይሳሳል።

የልጆች መቀንጨርም ምክንያቱ ብዙ ነው። በ2016ቱ ጥናት በአገራችን ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ድህነት፣ ተደጋጋሚ ተቅማጥ፣ የንጹሕ ውኃ እጦትና አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ መመገብ ሁሉም ድርሻ አላቸው። አፈር ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ነገር ግን የተዘነጋው እርሱ ነው።

ምን እናድርግ?

1. ገበታችንን እናቀላቅል። ጤፍ በካልሲየምና በብረት ከስንዴና ከበቆሎ ይሻላል። ጤፍ የማይቻል ከሆነ ማሽላና ዳጉሳ መቀላቀል ይጠቅማል። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ጎመን ከማዕዳችን አይጥፉ። እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ ወይም ጥቂት ሥጋ ሲገኝ ቅድሚያ ለትንንሽ ልጆችና ለነፍሰ ጡሮች ይሁን።

2. እናቦካ። እናቶቻችን ሊጡን በእርሾ ለሁለትና ለሦስት ቀን ማቡካታቸው ትልቅ ጥበብ ነው። በችኮላ ከሚጋገር ቂጣ ይልቅ በደንብ የቦካ እንጀራ ማዕድኑን በተሻለ ይለቅቃል። ባቄላና ሽምብራንም ዘፍዝፎ ማብቀል እንዲሁ ይረዳል።

3. ሻይና ቡና ከምግብ ይራቁ። ከምግብ ጋር ሲጠጡ የእህልና የአትክልት ብረት እንዳይመጠጥ ያግዳሉ። በረመዷን ከኢፍጧር ምግብ ጋር ሻይ ማስከተል የብዙዎቻችን ልማድ ነው፤ አንድ ሰዓት ያህል እናዘግየው። በምትኩ ሎሚ፣ ብርቱካን ወይም ቃሪያ ብረቱን ያስመጥጣሉ።

4. የጨው አያያዝ። አዮዲን ያለው መሆኑ የተጻፈበትን የታሸገ ጨው እንግዛ፤ ክዳን ባለው ዕቃ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቀን እናስቀምጥ፤ ወጡ ሊወርድ ሲል እንጨምር። አሞሌ ጨው አዮዲን አልተጨመረበትም። ጨው ማብዛት ግን ለደም ግፊት ይዳርጋልና በልክ ይሁን።

5. የጤና ባለሙያ ያዘዘውን እንውሰድ። ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል፣ ለልጅ ተቅማጥ ከ10 እስከ 14 ቀን የሚሰጠው ዚንክ ሳይቋረጥ ይጨረስ። አፈር የመብላት አምሮት ያላት እህት ሳታፍር ለሐኪም ትንገር፤ ብዙ ጊዜ ከደም ማነስ ጋር የተያያዘ ነው፣ አፈሩም ብረትን ያስራል።

6. ለአፈሩ እንመልስለት። ጓሮ ያለን የአትክልት ልጣጭ፣ ቅጠልና የቡና አተላ ከመጣል ይልቅ ኮምፖስት እናድርገው። በገጠር ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ እርከን በመሥራት፣ እህልን ከባቄላና ከአተር ጋር በማፈራረቅ፣ ለማገዶ የሚሆን ዛፍ በመትከልና ኩበቱን ለማሳ በማትረፍ ብዙ ሊያደርጉ ይችላሉ። ኖራ ለአሲዳማ መሬት መድኃኒት ነው፤ ሲበዛ ግን እንደ ኮንያው ዚንክን ያስራልና የግብርና ባለሙያ ሳያማክሩ አይጨመር።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ከአፈር ተፈጥረናል፣ ወደ አፈርም እንመለሳለን፤ በመካከሉ ባለው ዕድሜም የምንበላው ከአፈር ነው። መሬት በእጃችን ያለች አማና ናት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊም ከተከለው ሰውም ሆነ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላለት ሰደቃ እንደሚሆንለት አስተምረውናል። የሚቀጥለው ትውልድ ጤነኛ እህል የሚያበቅልበትን አፈር ጠብቆ ማቆየትም ከዚሁ በጎ ሥራ እንዲቆጠርልን እንመኛለን። ኢማሞቻችንና የመድረሳ አስተማሪዎቻችን ይህንን ጉዳይ አንድ ጊዜ ቢያነሱት፣ የመስጂድ ጀመዓም በግቢው ጥቂት ጎመንና የፍራፍሬ ችግኝ ቢተክል ለብዙ ቤት ትምህርት ይሆናል።

አላህ (ሱ.ወ) ምግባችንን ሐላልና ጠይብ ያድርግልን፤ ልጆቻችንን በጤና ያሳድግልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።