ላሚቱ ወተት የቀነሰችው ለምንድን ነው?

የድሬዳዋ ዙሪያ ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች ሆይ! የዛሬው ትምህርታችን ስለ ወተት ላም ጤና ነው። ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ተቀመጡ፤ በኋላ ያስፈልገናል።

ላም ወተት ስትቀንስ ብዙ ጊዜ «ዓይን በላት» እንላለን። እናቴም እንዲሁ ትል ነበር። የኛን ላም ግን ዓይን አልበላትም። ግቷ ታሞ ኖሮ እኛ ሳናውቅ አንዱ ጡት ደርቆ ቀረ። የጠዋትና የማታውን ወተት የሚጽፍ ሰው ቤታችን ቢኖር ኖሮ በጊዜ እንደርስላት ነበር።

በመጀመሪያ ሙቀቱንና ውሃውን እንይ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት። ደንገጎን ወጥታችሁ ሐረማያ ብትደርሱ ከፍታው 2,000 ሜትር ያህል ነው፤ ብርዱን ታውቁታላችሁ። የፈረንጅ ዘር ያለባት ላም የቆላውን ሙቀት አትችልም፤ ታለከልካለች፣ መኖም ትተዋለች። ከ100 እጅ ወተት ደግሞ 87 እጁ ያህል ውሃ ነው። ታዲያ ውሃ ያልጠጣች ላም ከየት አምጥታ ትስጥ? ከፊቷ ውሃ አይጥፋ፤ ጥላም ይሠራላት። መኖውን በማለዳና ማታ ሲቀዘቅዝ ስጧት። የማሽላ አገዳ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ ብዙ ወተት አይሆንም፤ ፍሩሽካና ፋጉሎ ይጨመርበት። ዋጋው ያስለቅሳል ብትሉ እውነት አላችሁ።

ውሃውም መኖውም ሳይጎድል ወተቱ ከቀነሰ ግን ግቷን ጠርጥሩ። ግት አራት ክፍል አለው። እንደ አራት ጎጆ ቁጠሩት፤ በመካከላቸው ግድግዳ አለ፤ የአንዱ ወተት ወደ ሌላው አይሄድም። ጀርም በጡት ጫፍ ቀዳዳ ገብቶ አንዱን ሲያሳምመው ሌሎቹ መታለባቸውን ይቀጥላሉ፤ ሰውም አያስተውልም። በሽታው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ይታያል፤ ግት ያብጣል፣ ይግላል፣ ወተቱ እየተቋጠረ ወይም ደም ቀላቅሎ ይወጣል። ሁለተኛው ስውር ነው። ግቱም ወተቱም ጤነኛ ይመስላል፤ ልኩ ብቻ ይቀንሳል። በአገራችን የወተት ላሞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው ያገኙት ስውሩ ከሚታየው እንደሚበዛ ነው።

ስውሩን ሐኪም ያገኘዋል። በፊት የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ይባል የነበረው የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞችን ያስተምራል፤ የራሱም የወተት ላሞች አሉት። ሐኪሙ አራት ጉድጓድ ባለው ሳህን ከየጡቱ ትንሽ ወተት ያልባል። ፈሳሽ መድኃኒት ጨምሮ ሲያዞረው የታመመው ጡት ወተት እንደ ተመታ አብሽ ይወፍራል። ቀላል ነገር ነው፣ ግን ሐኪሙን መጥራት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። መቼ? እዚህ ላይ ነው ደብተሩ።

በገጹ ላይ ሦስት መስመር ወደ ታች አስምሩ። ቀን፣ ጠዋት፣ ማታ ብላችሁ ጻፉ። ሊትር ባይኖር በጣሳ ለኩ፤ ጣሳው ግን አይለዋወጥ። ጠዋት 3 ጣሳ ትሰጥ የነበረች ላም ያለ ምክንያት ለሦስት ቀን 2 ከሰጠች አትጠብቁ፤ ሐኪም ጥሩ።

ስታልቡ እጃችሁንና ጡቷን ታጠቡ፤ ለየላሟ የተለየ ንጹሕ ጨርቅ ይኑር። የመጀመሪያውን ጠብታ በጥቁር ጨርቅ ላይ እዩት። የታመመችውን ላም መጨረሻ ላይ እለቡ። ከታለበች በኋላ የጡቷ ቀዳዳ ግማሽ ሰዓት ያህል ክፍት ስለሚቆይ፣ በረት ላይ እንዳትተኛ መኖ ስጧትና ትቁም።

መድኃኒት የተወጋችበትንም ቀን እዚያው ደብተር ላይ ጻፉ። ሐኪሙ የነገራችሁ ቀን እስኪያልፍ ድረስ ወተቷ ወደ ቀፊራ ገበያ አይሂድ፤ ሕፃንም አይጠጣው።