ያልጠና ሳንባ

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በሰባት ወሯ ደብረ ብርሃን ወለደች። ሕፃኑ ሲተነፍስ ያቃስታል። ብርድ መትቶት ይሆን? (ከአንኮበር)

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ። ብርድ ያባብሳል እንጂ መነሻው ሌላ ነው። የሳንባን ጥቃቅን ከረጢቶች ከመጣበቅ የሚጠብቀው ሰርፋክታንት በሰባት ወር ገና አይበቃም። ሕፃኑ የሚያቃስተው ሳንባው እንዳይከደን እየታገለ ነው። ጎንደርን ጨምሮ በ5 ሆስፒታሎቻችን ተጠንቶ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው ምርምር፣ ያለጊዜያቸው ተወልደው ከሞቱት ሕፃናት 45 በመቶውን የቀጠፈው ይኸው ሕመም መሆኑን አሳይቷል፤ ያንገበግባል። ሲፓፕ የተባለው መሣሪያ በአፍንጫ አየር እየገፋ ሳንባውን ክፍት ስለሚያደርግ ብዙዎችን ያተርፋል። ስለዚህ ሐኪሙ ሳይፈቅድ ወደ ቤት አትውሰዱት። ሲፈቀድ እናቱ ደረቷ ላይ፣ ገላ ለገላ ትቀፈው። ወደፊት ምጥ ያለጊዜው ከጀመራት ፈጥናችሁ ሆስፒታል ድረሱ፤ ሳንባ የሚያጠናው መርፌ የሚሰጠው ከመውለዷ በፊት ነው።