የድመት ጠጉር በበጋ ለምን ብልጭ ይላል?

እናቶች ሆይ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ ብርዱ ሲጠና ድመት ከምድጃው አጠገብ ወይም ከመደቡ ላይ ትተኛለች። ልጅ ጠጉሯን ሲደባብሳት ጠሽ ጠሽ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ቤቱ ጨለማ ከሆነም ትንንሽ ብልጭታ ይታያል። ልጁ ጣቱን ወደ አፍንጫዋ ሲያስጠጋ ሁለቱም ይደነግጣሉ፤ ድመቲቱም ወይ ትሸሻለች፥ ወይ ትቧጭራለች።

ይህን ያየ ሰው «ጋኔን አለባት» ወይም «ታማለች» ብሎ ድመቲቱን ለማባረር ይነሣ ይሆናል። ነገሩ ግን ጋኔንም በሽታም አይደለም። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር በቆሎውንና ጤፉን በጎተራ ለሚያኖር ቤተ ሰብ ድመት ማባረር አይጥን መጋበዝ ነው። አይጥ ደግሞ እህል ከመብላቷም በላይ በሽንቷና በኵሷ ምግብ ታበላሻለች፤ በሽታም ታመጣለች። ስለዚህ ብልጭታው ምን እንደ ሆነ፥ የትኛው የማያስፈራ፥ የትኛውስ የሚያስፈራ እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ይገባል።

ብልጭታው ከየት ይመጣል?

ሁለት ደረቅ ነገሮች ሲፋተጉ ኤሌክትሮን የሚባሉ፥ በዐይን የማይታዩ ጥቃቅን ነገሮች ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋሉ። በዚህ ጊዜ በጠጉሩ ላይ ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል፤ መሄጃ እስኪያገኝም እዚያው ይቆያል። እጅ ወይም ብረት ሲቀርበው በአየር ውስጥ ዘሎ ያልፋል። ብልጭታውም ድምፁም ይኼው ዝላይ ነው።

ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ስላለ አየሩ እርጥብ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ሳይጠራቀም ቀስ እያለ ያልቃል። በበጋ ግን አየሩ ደረቅ ነው፤ የምድጃው ሙቀትም ጠጉሩን ይበልጥ ያደርቀዋል። ድመቲቱ በናይለን ብርድ ልብስ ወይም በማዳበሪያ ጆንያ ላይ የምትተኛ ከሆነ ይብሳል፤ እነዚህ ከጠጉር ጋር ሲፋተጉ ብዙ ኤሌክትሪክ ያስጠራቅማሉና። የላስቲክ ጫማ ያደረገ ሰውም፥ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት እንዳይወርድ ጫማው ስለሚከለክለው፥ የበለጠ ይሰማዋል።

በጣት የሚሰማ ብልጭታ ከሦስት ሺህ ቮልት በላይ ሊሆን ይችላል። በቤት የሚገባው የመብራት ኀይል ግን 220 ቮልት ነው። ታዲያ የድመቲቱ ለምን አይገድልም? መጠኑ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ነው። ከገደል አፋፍ የወደቀች አንዲት የውኃ ጠብታና ከዚያው አፋፍ የሚወርድ ፏፏቴ አንድ አይደሉም። ጠብታዋ ትደነቃለች፥ ፏፏቴው ግን ይገድላል። ስለዚህ መብራት በገባበት ቤት ልጆች «ይህም እንደ ድመቲቱ ነው» ብለው ሽቦ እንዳይነኩ አጥብቃችሁ ንገሯቸው።

ይህ ነገር በኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። በኤሌክትሪክ ሥራ ስሙ የታወቀው ኒኮላ ቴስላ (በፈረንጆች አቈጣጠር በ1856 የተወለደ) በ1939 በጻፈው ደብዳቤ ሕፃን ሳለ፥ ብርዳማና ደረቅ በሆነ ቀን ምሽት የድመቱን ጀርባ ሲደባብስ ብርሃን እንዳየ ተርኳል። አባቱ «ይህ በነጐድጓድ ጊዜ በዛፍ ላይ ከምናየው ኤሌክትሪክ የተለየ አይደለም» የሚል መልስ ሰጡት፤ እናቱ ግን እሳት እንዳይነሣ ሠግተው ከድመቱ ጋር መጫወቱን እንዲተው ነገሩት። የእናቲቱ ሥጋት ምን ያህል እውነት እንዳለው ከዚህ በታች እናያለን።

ምን ይደረግ?

1ኛ. ድመቲቱን ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን በውኃ ነክራችሁ አራግፉት፤ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ጠጉሩ ወደ ተኛበት ደባብሷት። እርጥበቱ ብልጭታውን ያጠፋዋል።

2ኛ. መኝታዋን ከናይለንና ከማዳበሪያ ጆንያ ወደ አሮጌ የጥጥ ጨርቅ ለውጡት። ጨርቁን በየሳምንቱ አጥባችሁ ፀሓይ ላይ አስጡት።

3ኛ. ማበጠር ካስፈለገ ከላስቲክ ሚዶ ይልቅ የእንጨት ሚዶ ይሻላል።

4ኛ. ልጆች አፍንጫዋንና ጆሮዋን እንዳይነኩ ከልክሉ። ብልጭታው እሷንም ያማታል፤ የደነገጠች ድመት ትቧጭራለች።

5ኛ. ጠጉሯን ለማለስለስ ወይም ቁንጫ ለመግደል ላምባ፥ ቤንዚን፥ ወይም የነቀዝ መድኃኒት ፈጽሞ አትቀቡ። ድመት ጠጉሯን በምላሷ ስለምታጸዳ መርዙን ትልሰዋለች፤ ትሞታለችም።

የሚያስፈራው የቱ ነው?

የድመት ብልጭታ የሣር ክዳንን ወይም ልብስን አያቃጥልም። የቤንዚን ትነት ግን በትንሽ ብልጭታ ይያያዛል። በፕላስቲክ ዕቃ ቤንዚን አምጥቶ ከመኝታ አጠገብ ማስቀመጥ ወይም ማታ በኩራዝ ብርሃን መገልበጥ ቤት ሙሉ ሰው ያስፈጃል። የቴስላ እናት የፈሩት እሳት እንዲህ ባለ ቤት እውነት ሊሆን ይችላል። ቤንዚን ከመኖሪያ ቤት ውጭ፥ ልጅ ከማይደርስበት ይቀመጥ።

ሁለተኛው የሚያስፈራ ነገር ንክሻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል፤ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ድመት የነከሰችውን ወይም የቧጨረችውን ቦታ ወዲያውኑ በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ። ከዚያም በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ሂዱ። «የአገር መድኃኒት ልሞክር» እያሉ ቀን ማሳለፍ ሕይወት ያሳጣል፤ ክትባቱ የሚያድነው በጊዜው ሲጀመር ነውና።

ሦስተኛው ንጽሕና ነው። ኤሌክትሪክ ያለው ጠጉር አቧራና አመድ ይስባል፤ የረገፈውም ጠጉር በጋቢና በሊጥ ላይ ይጣበቃል። ሊጡን ክደኑ፤ ድመት ከነካችሁ በኋላም እጃችሁን ሳትታጠቡ ምግብ አትንኩ። ሳሙና ከሌለ በአመድ ታጠቡ። በድመት ኵስ ጽንስን የሚጐዳ ተላላፊ ነገር ስለሚገኝ እርጉዝ ሴት ኵሱን አትጥረግ፤ ሌላ ሰው በየቀኑ እያነሣ ይቅበረው።

መጠየቂያ

1. ብልጭታው በበጋ የሚበዛው፥ በክረምት የማይታየው ለምንድን ነው?
2. ድመቲቱን ከመንካት በፊት እጅን ማርጠብ ምን ይጠቅማል?
3. በቤታችሁ ቤንዚን የት ተቀምጧል?
4. ልጃችሁን ድመት ብትነክሰው መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ? ቀጥሎስ?

ይህን ጽሑፍ ማንበብ የሚችል ልጅ ማታ ለቤተ ሰቡ ያንብበው፤ ለጎረቤትም ይዋስ።